እንደ ፊንላንዶች ሳውና እንዴት ይገባል?

ሳውና ውስጥ መጀመሪያ የተማርኩት መውጣትን ነው። ሄልሲንኪ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ የሕንፃችን ሳውና ላይኛው መደብ ላይ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጬ ነበር። ጆሮዬ ይለበልበኛል፣ ልቤ ይደልቃል፣ እኔ ግን ቀድሜ መውጣቱን እንደ ሽንፈት ቆጥሬዋለሁ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ጎረቤቴ አዩኝና "ከሞቀህ ውረድ፣ ከበቃህ ውጣ፤ እዚህ ደቂቃ የሚቆጥርልህ ሰው የለም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሳውና የሰማሁት ምክር ሁሉ የዚህችው ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፊንላንድ 5.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላት። የሳውናዎቿ ቁጥር ደግሞ ወደ 3 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። በየአፓርታማው፣ በየሐይቁ ዳር ባለው ጎጆ፣ ፓርላማው ውስጥ ሳይቀር አለ። በድሮ ጊዜ ገጠር ውስጥ እናቶች የሚወልዱት ሳውና ውስጥ ነበር። የሞተ ሰው አስከሬንም የሚታጠበው እዚያው ነበር። ሞቃት፣ ንጹህና ጸጥ ያለ ቤት እሱ ነበራ። "ሳውና ውስጥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሁን" የሚል አባባልም አላቸው። በ2020 ዩኔስኮ የፊንላንድን የሳውና ባህል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

መጀመሪያ ሳውናውን እወቁት

የፊንላንድ ሳውና በእንጨት የተሠራ ክፍል ነው። ጥግ ላይ ድንጋይ የተደረደረበት ምድጃ አለ፤ እነሱ ኪዋስ ይሉታል። የሚነደው በእንጨት ወይም በኤሌክትሪክ ነው። ከምድጃው ፊት ለፊት እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ ያሉ የእንጨት መደቦች አሉ። ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አየሩ ግን ደረቅ ነው፤ እንፋሎት የሚመጣው ድንጋዩ ላይ ውሃ ሲፈስ ብቻ ነው።

ይህን የምለው ስሙ በየቦታው ስለሚደበላለቅ ነው። በብዙ ሆቴልና ጂም "ስቲም" የሚባለው፣ ጭጋግ የሞላበትና ሙቀቱ 45 ዲግሪ አካባቢ የሆነው ክፍል ሌላ ነገር ነው። ኢንፍራሬድ የሚባለው ካቢኔም እንዲሁ፤ ድንጋይም ውሃም የለውም። ሁለቱም ደስ ሊሉ ይችላሉ። ግን ከታች የምጠቅሳቸው ጥናቶች የተደረጉት በእነሱ ላይ አይደለም።

ከመግባታችሁ በፊት

ከባድ ምግብ በልታችሁ ወዲያው አትግቡ፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይለፍ። ግን ባዶ ሆድም አይሁን። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። በአንድ የሳውና ቆይታ ሰውነት ግማሽ ሊትር ያህል ላብ ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ጾም ላይ ሆናችሁ ውሃ ያልቀመሳችሁበት ሰዓት ላይ፣ የክርስቲያኑም ይሁን የረመዳን፣ ሳውናውን ጾሙን ከፈታችሁ ወይም ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት። አልኮል ደግሞ በጭራሽ። ፊንላንድ ውስጥ ሳውና ላይ ከሚደርሱ የሞት አደጋዎች ብዙዎቹ መጠጥ አለባቸው።

ብረት ነገር አውልቁ። የጆሮ ጌጥ፣ ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት መስቀላችሁ ከብረት ከሆነ እሱንም። ብረት በ80 ዲግሪ ቆዳ ያቃጥላል። ክርና እንጨት ችግር የለውም።

ከዚያ ሻወር ውሰዱ። ይህ ግዴታ ነው፤ ሳውና የሚገባው ታጥቦ ነው። ስትገቡ መደቡ ላይ አንጥፋችሁ የምትቀመጡበት ትንሽ ፎጣ ያዙ።

ልብስን በተመለከተ ብዙ ሐበሾች ስለሚጨነቁ በግልጽ ልናገር። ፊንላንዶች ከቤተሰብ ጋርና ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ራቁታቸውን ይገባሉ። በሕዝብ መዋኛዎች የወንድና የሴት ሳውና የተለያየ ነው፤ የዋና ልብስ ለብሶ መግባትም አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም። ወንድና ሴት አብረው በሚገቡባቸው ቦታዎች ግን፣ ለምሳሌ በ2016 በተከፈተው ሎይሉ በሚባለው የሄልሲንኪ የሕዝብ ሳውና፣ የዋና ልብስ ግዴታ ነው። ነገሩ ከወሲብ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ማንም ማንንም አያይም። ፎጣ ታጥቃችሁ ብትገቡም ብዙ ቦታ የሚከፋው ሰው የለም፤ እኔም ለአንድ ዓመት ያህል እንደዚያ ነበር የምገባው።

ከታችኛው መደብ ጀምሩ

ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። በታችኛውና በላይኛው መደብ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ነው፣ እንደ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ቁጠሩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ታች ይቀመጥ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደህና ከሆናችሁ አንድ እርከን ውጡ። ከአሥር ደቂቃ በላይ መቆየት ለጀማሪ አያስፈልግም።

በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። የአፍንጫችሁ ጫፍ ከተለበለበ እርጥብ ፎጣ ፊታችሁ ላይ ያዙ። ስልክ ውጭ ይቅር። ማውራት ይቻላል፣ ግን በዝግታ። ዝም ማለትም ይቻላል። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ሆኖ ለሰባት ደቂቃ ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይከፋው መቀመጥ፣ ለኛ ለጨዋታ ወዳዶቹ መጀመሪያ ይከብዳል። አሁን ከሳውና በጣም የምወደው እሱን ነው።

ሎይሉ

የሳውና ልብ ይሄ ነው። ድንጋዩ ላይ ውሃ ሲፈስ የሚወጣው እንፋሎት ሎይሉ ይባላል። ቃሉ ጥንት ነፍስ፣ እስትንፋስ ማለት ነበር፤ የሃንጋሪዎች "ነፍስ" የሚለው ቃልም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። አንድ ጭልፋ ውሃ ድንጋዩ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ድንጋዩ ይንሿሿል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ምንም የለም፣ ቀጥሎ ሙቀቱ ከጣራው ተመልሶ ትከሻችሁ ላይ ይወርዳል።

የክፍሉ ሙቀት ሳይጨምር ለምን የተቃጠልን ይመስለናል? የድስት ክዳን ስንከፍት እንፋሎቱ እጃችንን የሚለበልበን በምን ምክንያት ነው? ያው ነው። እንፋሎቱ ከእሱ ቀዝቀዝ ያለውን ቆዳችንን ሲነካ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ሲመለስም ተሸክሞት የነበረውን ሙቀት ይለቅብናል። ደረቁን 85 ዲግሪ የምንችለው ላባችን እየተነነ ስለሚያቀዘቅዘን ነው። ሎይሉ ሲመጣ ያ መከላከያ ለአፍታ ይቆማል። ስለዚህ ሲፈስ ጎንበስ በሉ፣ ትንፋሻችሁን አለዝቡ፤ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይለዝባል።

ከማፍሰሳችሁ በፊት ጠይቁ። "ሄይታንኮ ሎይሉአ?" ትላላችሁ፣ ሎይሉ ላፍስ ወይ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ሰው እንኳ በቃኝ ካለ ጠብቁ። ብዙ ጭልፋ ደራርቦ ማፍሰስ ነውር ነው። ከፊንላንድ ውጭ በአንዳንድ ሆቴሎች ውሃ ማፍሰስ ይከለከላል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቡ።

ሽታ የሚወድ ሰው ጭልፋው ባለበት ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የባህር ዛፍ ዘይት ይጨምራል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ለሳውና ተብሎ ይሸጣል። ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን ቅጠሉን አፍልተው የሚያጥኑን ሽታ እንዳለ ነው። ንጹህ ዘይቱን በቀጥታ ድንጋዩ ላይ ግን አታፍስሱ፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

በበጋ ደግሞ ቪህታ አለ። በምሥራቅ ፊንላንድ ቫስታ ይሉታል። ለጋ የበርች ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ታስሮ ነው የሚሠራው፤ ለብ ባለ ውሃ ይነከርና ትከሻ፣ ጀርባ፣ እግር ቸብ ቸብ ይደረግበታል። አያምም። ቤቱ ዝናብ የጣለበት ጫካ ይሸታል።

ውጡ፣ ቀዝቅዙ፣ ተመለሱ

ሲበቃችሁ ውጡ። ሻወር፣ በረንዳ፣ ሐይቅ፣ በክረምት ደግሞ በረዶ። ቢያንስ ውስጥ የቆያችሁትን ያህል ውጭ ቆዩ። ውሃ ጠጡ። ከዚያ ከፈለጋችሁ ተመለሱ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር በቂ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል።

በበረዶ ቀዳዳ መግባት፣ አቫንቶ የሚባለው፣ ብዙ ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ነው። ለሳውና ግን የግድ አይደለም። ከሙቀት ወጥቶ በረዶ ውሃ ውስጥ መግባት የደም ግፊትን በድንገት ይጨምራል። ልባቸው ችግር ላለበት ሰዎች አደገኛ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ሰውነቴ ሲጨስ ማየት ይበቃኛል።

ሳውና የጽናት ፈተና ሲሆን ምን እንደሚሆን ፊንላንዶቹ ራሳቸው አይተዋል። ሄይኖላ በምትባል ከተማ ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ የዓለም የሳውና ሻምፒዮና ይካሄድ ነበር። 110 ዲግሪ ውስጥ ረጅም ጊዜ የተቀመጠ ያሸንፋል። በ2010 ፍጻሜ ላይ እስከ መጨረሻ ከቀሩት ሁለት ተወዳዳሪዎች አንዱ ሞተ፤ ሌላው ክፉኛ ተቃጠለ። ውድድሩም በዚያው ቀረ።

ለጤና የሚሰጠው

ሳውና ውስጥ የቆዳ የደም ሥሮች ይሰፋሉ። የልብ ምት በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ሊደርስ ይችላል፣ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው እንደሚያደርገው። ከወጡ በኋላ የደም ግፊት ዝቅ ይላል፣ ጡንቻ ይላላል፣ ብዙ ሰው የዚያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል።

በጣም የሚጠቀሰው ጥናት ከምሥራቅ ፊንላንድ ኩኦፒዮ አካባቢ የመጣ ነው። ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 60 የሆኑ 2,315 ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል ተከታተሉ፤ ውጤቱ በ2015 ታተመ። በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ የሚገቡት፣ በሳምንት አንዴ ከሚገቡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በድንገተኛ የልብ ሞት የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ፣ በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2018 የወጣና ሴቶችንም ያካተተ ሌላ ጥናት በልብና በደም ሥር በሽታ ሞት ላይ ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳይቷል።

እነዚህ ጥናቶች ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጡም። ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነ፣ ጊዜና እረፍት ያለው ሰው ሳውና አብዝቶ ሊገባ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ሲጋራን፣ መጠጥንና የደም ግፊትን በስሌታቸው አስገብተዋል፤ ሁሉን ነገር ማስገባት ግን አይቻልም። እኔን የገረመኝ ሌላ ቁጥር ነው። የእነዚያ ሰዎች ሳውና አማካይ ሙቀት 79 ዲግሪ፣ አማካይ ቆይታቸውም 14 ደቂቃ ገደማ ነበር። ጀግንነት የለበትም። በየሳምንቱ፣ ለዓመታት፣ በልክ ነው።

"መርዝ ከሰውነት ያስወጣል" የሚለውን አትመኑ። ላብ ከሞላ ጎደል ውሃና ጥቂት ጨው ነው፤ ቆሻሻውን የሚያጣሩት ኩላሊትና ጉበት ናቸው። ሚዛን ላይ የሚቀንሰው ኪሎም ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል።

በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያጋጠመው፣ እረፍት ላይ ሆኖ ደረቱን የሚያመው፣ የልቡ ዋና ቫልቭ በጣም የጠበበበት ሰው አይግባ። ትኩሳት ያለበትም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ልጅ ለመውለድ እየሞከሩ ያሉ ወንዶች ደግሞ አዘውትሮ መሞቅ የወንድ ዘር (ስፐርም) ቁጥርን ለጊዜው እንደሚቀንስ ይወቁ። ውስጥ ሆናችሁ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ ወይም ልባችሁ ከተዛባ ወዲያው ውጡ። ስትነሱ ግን ቀስ በሉ፤ ብድግ ማለት ይጥላል።

የት?

ፊንላንድ ውስጥ አፓርታማ የምትከራዩ ከሆነ ሕንፃው የጋራ ሳውና እንዳለው ጠይቁ። በትንሽ ክፍያ በሳምንት አንድ ሰዓት ለቤተሰባችሁ ይያዝላችኋል። ለጉብኝት ከመጣችሁ ታምፔሬ ሂዱ፤ ራያፖርቲ የሚባለው የሕዝብ ሳውና ከ1906 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ነው፣ በአገሪቱ እስካሁን ከሚሠሩት ሁሉ አንጋፋው ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ ደግሞ በ1928 የተከፈተው ኮቲሃርዩ አለ። ዛሬም በእንጨት ነው የሚነደው። ደንበኞቹ ፎጣ ታጥቀው መንገድ ዳር ተቀምጠው ሲቀዘቅዙ ታገኟቸዋላችሁ፣ በጥር ወር ጭምር።

ሲያልቅ

የመጨረሻውን ዙር አጭር አድርጉት። በሳሙና ታጠቡ፣ ላባችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ልብስ አትልበሱ። ውሃና ጨው ያለው ነገር ቅመሱ። ፊንላንዶቹ ማካራ የሚሉትን ቋሊማ ይጠብሳሉ፤ አብዛኛው የአሳማ ሥጋ ስላለበት ለማይበላ ሰው የዶሮ ወይም የአትክልት ይገኛል።

ቤቱን የሚዘጋ ሰው መደቡን በውሃ ያለቀልቃል፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ የቀረው ሙቀት እንጨቱን ያደርቀዋል። የጥንት ሰዎች ሁሉም ከወጡ በኋላ አንድ የመጨረሻ ጭልፋ ድንጋዩ ላይ ያፈስሱ ነበር። ሳውናውን ለሚጠብቀው ቶንቱ ለሚባለው መንፈስ ነው፤ የመጨረሻው ሎይሉ የእሱ ድርሻ ነው። አዛውንቱ ጎረቤቴ ዛሬም ጭልፋዋን አፍስሰው፣ እስክትንሿሿ ቆመው ሰምተው ነው የሚወጡት።