ልጃችሁ የታይሮይድ ኪኒን ትወስዳለች? ቁመቷን እንዲህ ተከታተሉ

የአምና ጫማዋ ዘንድሮም ልክ ሲሆንላት እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከወጪ ዳንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ሐኪሟ የታይሮይድ ሆርሞኗ አንሷል ስትለኝ "አንገት ላይ ያለ እጢ ከእግር አጥንት ጋር ምን አገናኘው?" አልኳት።

ይገናኛል። የልጅ አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለች ለስላሳ ክፍል ነው። እዚያ ያሉት ሴሎች ይባዛሉ፣ ያብጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ቦታቸውን ለጠንካራው አጥንት ይለቃሉ። እድገታቸውን ከሚገፉት አንዱ አይጂኤፍ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጉበትም አጥንቱ ራሱም ያመርተዋል። ቲ3 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ አጥንት ሠሪ ሴሎችን አይጂኤፍ 1 አምርቱ ይላል፣ የተባዙትንም "በቃ፣ አሁን ብሰሉ" ይላቸዋል። ቲ3 ሲያንስ ሁሉም ይንቀራፈፋል። ሲበዛ ደግሞ ሴሎቹ ቶሎ ይበስሉና ያቺ ለስላሳ ክፍል ያለጊዜዋ ልትዘጋ ትችላለች፣ ልጅቷ አሁን ብትመዘዝም ስታድግ አጭር ሆና ልትቀር ትችላለች ማለት ነው። ኪኒኑ የሚተካው ይህንኑ ያነሰ ሆርሞን ነው፤ ስለዚህ "ቶሎ ትርዘምልኝ" ብሎ ከታዘዘው በላይ መስጠት የለም!

ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ስጧት፤ ቁርስ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቆይ። እኔ እንዳይመራት ብዬ ስንት ወር በወተት ሰጥቻታለሁ። ለካ ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን ካላት ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቁት። የኪኒኑ መጠን ከተቀየረ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ለምርመራ ደም ትሰጣለች፤ ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን ከወሰደች ግን ውጤቱን ስለሚያዛባው አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ልኬቱን በየ3 ወሩ፣ ሁልጊዜ በአንድ ግድግዳ፣ ሁልጊዜ ጠዋት አድርጉት (ማታ ሁላችንም ትንሽ እናጥራለን)። ጫማ ይውለቅ፣ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳውን ይንካ፣ ጠፍጣፋ መጽሐፍ አናቷ ላይ አድርጋችሁ በእርሳስ ምልክት ያዙ። ሹሩባ ተሠርታ ከሆነ ተዉት፣ ሲፈታ ለኳት። እኛ ቤት አንድ ጊዜ በሹሩባ ምክንያት 2 ሴንቲ ረዘመች ተብሎ ተጨፍሯል። ትምህርት ቤት የገባ፣ ጉርምስና ያልጀመረ ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ገደማ ይጨምራል። ከ4 በታች ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። ሕክምና በተጀመረ ሰሞን ከዚያ በላይ ብትፈጥን ግን አትደንግጡ፣ የቀረባትን እያካካሰች ነው።

ሐኪሙ የግራ እጇን ራጅ አንሱ ካለም አልተሰበረችም። የአጥንቷን ዕድሜ ሊያይ ነው። የ8 ዓመቷ ልጅ አጥንት የ6 ዓመት ቢመስል ደግሞ ክፋት ብቻ አይደለም፤ ያቺ ለስላሳ ክፍል ገና አልተዘጋችም፣ የምትረዝምበት ጊዜ አላት።