ሳንቲሙ በየትኛው እጅ ነው?

የማስታወስ ችሎታን የምፈትን የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ ቢሮዬ ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ነው። ከመኪና አደጋ በኋላ «ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አላስታውስም» የሚሉ ሰዎች የካሳ ፋይላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ይመጣሉ። አንዳንዱ ያስመስላል፤ ብዙዎቹ ግን እውነታቸውን ነው። ለጀማሪ ባልደረቦቼ ይህን የምጽፈው የእነዚህ ሰዎች ቃል ከአስመሳዩ ጋር አብሮ እንዳይጣል ብዬ ነው።

የፈተና ወረቀት ሳትዘረጉ አጫውቷቸው፤ እንዴት እንደመጡ ጠይቁ። «ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ስታዲየም ወረድኩ፤ ረዳቱ መልስ አጎደለብኝ» ብሎ የዛሬን ጠዋት በዝርዝር የሚተርክ ሰው የልጆቼን ስም ረሳሁ ካለ ልብ በሉ። የጭንቅላት ጉዳት በአብዛኛው አዲሱን ነገር ያስረሳል እንጂ ዕድሜ ልክ የኖሩበትን አይነካም።

ቀጥሎ የአንድ ብር ሳንቲም ያዙ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ሳንቲሙ በየትኛው እጅ እንዳለ ለ2 ሰከንድ አሳዩና ሁለቱንም ጨብጡ። ተፈታኙ ዓይናቸውን ጨፍነው ከ10 ወደ 1 ይቁጠሩ፤ ከዚያ ገልጠው ሳንቲሙ ያለበትን እጅ ይንኩ። 10 ጊዜ ድገሙት። የቀኝና የግራውን ተራ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ያዙ፤ አለዚያ እጃችሁ ሳታውቁት አንድ ዓይነት አካሄድ ይለምዳል።

ፈተናው ከባድ ይመስላል እንጂ የማስታወስ ችሎታቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማን እንኳ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያገኙታል። ዝም ብሎ የገመተም 5 አካባቢ ያገኛል። በግምት ብቻ ከ1 ያልበለጠ ማግኘት ከ1,024 ጊዜ 11 ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ነው። እዚያ ድረስ የወረደ ሰው ትክክለኛውን እጅ እያወቀ ሳይሸሸው አይቀርም።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ሬይ ያዘጋጀውን ባለ15 ምልክት ፈተና (ምልክቶቹን አይቶ ከትውስታ መልሶ መሳል ነው) ፊደል ላልቆጠረ ሰው አልሰጥም። የላቲን ፊደልና የሮማ ቁጥር አለበት፤ በሀ፣ ሁ፣ ሂ ብንተካውም የማለፊያ ነጥቡ ለሌላ ወረቀት የተሠራ ነው።

በሪፖርታችሁ «ዋሽተዋል» አትበሉ። «ውጤቱ እውነተኛ ችሎታቸውን አያሳይም» በሉ፤ ያጋነነ ሰውም እውነተኛ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። በአንድ ፈተና ብቻም አትፍረዱ። አንዲት እናት ባለ50 ሥዕሉን ፈተና (እንደ ሳንቲሙ ጥረትን የሚለካ፣ ቀድሞ የታየውን ሥዕል ከአዲሱ የሚያስለይ ነው) ወደቁብኝና «በቂ ጥረት አላደረጉም» ብዬ ጽፌ ነበር። ሪፖርቱን ልፈርም ስል ልጃቸው መነጽራቸው በአደጋው መሰበሩን ነገረችኝ። መነጽር ተገዝቶላቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ከ50ው 49ኙን አገኙ። ከዚያ ወዲህ ሳንቲሙን ከመሳቢያ ሳላወጣ «መነጽር ያደርጋሉ? ሌሊት እንቅልፍ ወሰደዎት? ምን መድኃኒት እየወሰዱ ነው?» እላለሁ።