ጎበዝ ተጫዋች ሳይገኝ የታዳጊ ሴቶች ትራቭል ሶፍትቦል ቡድን እንዴት ይገነባል

ሶፍትቦል ከቤዝቦል ጋር የሚመሳሰል፣ ኳስ ከታች በኩል እየተወረወረ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትራቭል ሶፍትቦል የሚባለው ከሰፈር ሊግ ከፍ ያለ፣ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ከተማ እየተጓዙ የሚወዳደሩበት ደረጃ ነው። አብዛኞቹ ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡት የሰመሩ ውድድር እንዳለቀ፣ ኦገስት ላይ ነው። ሠላሳ ልጅ ይመጣል ተብሎ አሥር ይመጣል፤ ከአሥሩ ኳስ በደንብ የምትቀልብ ሁለት ብትገኝ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ አሰልጣኝ የሚሳሳተው ሁሉንም ነገር እኩል ለማሠልጠን ሲነሳ ነው። ደካማ ቡድን በአብዛኛው የሚሸነፈው ፒቸሯ (ወርዋሪዋ) ስትራይክ (መቺዋ ልትመታው በምትችልበት ቦታ የሚያልፍ ኳስ) መጣል፣ ካቸሯ (ከመቺዋ ጀርባ ሆና የምትቀልበው) ደግሞ ኳስ ማቆም ሲያቅታቸው ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ክረምት (የአሜሪካ የብርድ ወቅት) ልምምድ ግማሹ ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች መሄድ አለበት።

ከዚህ በታች ያለው ከ12 ዓመት በታች ላለው ምድብ ነው። የኳሱ ዙሪያ 12 ኢንች፣ ፒቸሯ ከሆም (መቺዋ ከምትቆምበት ቦታ) ያላት ርቀት 40 ጫማ፣ ከቤዝ እስከ ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጡት አንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው) 60 ጫማ ነው። ከ10 ዓመት በታች ላሉት ኳሱ 11 ኢንች፣ ርቀቱ 35 ጫማ ይሆናል፤ ከ14 በታች ጀምሮ ርቀቱ 43 ጫማ ነው።

1. በትራይአውት (የተጫዋች መምረጫ) ቀን ችሎታን ሳይሆን አቅምን ፈልጉ

ልጅቷን ከሆም እስከ አንደኛ ቤዝ ሁለቴ አስሩጧትና በሰዓት ያዙ። ከዚያ በሙሉ ኃይሏ አስወርውሯት፤ አወራወሯ ባያምርም ክንዷ ፈጣን ከሆነ ይበቃል፣ ቅርጹ ይስተካከላል። ሦስተኛው ፈተና ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ሠርታው የማታውቀውን አንድ ነገር አምስት ደቂቃ አስተምሯትና ሲበላሽባት ምን እንደምታደርግ ተመልከቱ። የተነገራትን ወዲያው የምትሞክረዋን ውሰዱ። በደንብ የምትመታ፣ ስትታረም ግን የምታኮርፍ ልጅ ለደካማ ቡድን አትሆንም።

ሶፍትቦል ነክተው የማያውቁ ልጆችም ይጋበዙ። ጂምናስቲክ የሠራች ልጅ ለካቸርነት፣ የእግር ኳስ በረኛ ለሦስተኛ ቤዝ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ናት። የሐበሻ ቤተሰብ በብዛት ያለበት እንደ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ አካባቢ ከሆናችሁ፣ ሴት ልጁን እግር ኳስ የሚያጫውት ወላጅ ሶፍትቦልን ጭራሽ አስቦት ላያውቅ ይችላል፤ ሄዳችሁ አነጋግሩት።

የቡድኑ ልክ 11 ልጅ ነው። በ9 ብቻ ከተነሳችሁ አንዷ ስትታመም ትቸገራላችሁ፤ 14 ከሆናችሁ ደግሞ አምስቱ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ወላጆቻቸውም ዝም አይሉም።

2. ገንዘቡንና ቀኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ

ኢንሹራንስ፣ የውድድር መግቢያ፣ ማሊያ፣ ኳስና የጂም ኪራይ ደምሩ። ድምሩን ለ11 ሳይሆን ለ10 አካፍሉ፤ መሐል ላይ የምትወጣ ልጅ አትጠፋም። ድምሩ 9,900 ዶላር ቢሆን፣ በ900 ፋንታ 990 መጠየቅ በኋላ ከመለመን ይሻላል። የልጆቹን የልደት ማስረጃ ያኔውኑ ሰብስቡ። የአሰልጣኞች የወንጀል ታሪክ ማጣሪያና የልጆች ደኅንነት ሥልጠናም ሳይውል ሳያድር ይጀመር።

ሌላው የእሁድ ጉዳይ ነው። ውድድሩ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ በምድብ ጨዋታ ተጀምሮ፣ እሁድ ከማለዳ ጀምሮ በጥሎ ማለፍ ይቀጥላል። ቅዳሴ የማይቀር ቤተሰብ ካለ ይህን በኦገስት ማወቅ እንጂ በግንቦት እሁድ ጠዋት መጨቃጨቅ አይበጅም።

3. ፒቸር ሥሩ

አንድ ብቻ ሳይሆን አራት ልጆች ይጀምሩ። ሁለቱ ይተዉታል፣ ሁለቱ ይቀራሉ። ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ቀን ከ60 እስከ 80 ውርወራ ይሁን።

ክንድ ሙሉ ክብ የሚዞርበትን ውርወራ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስተምሩት። በመጀመሪያ ከ10 ጫማ ርቀት፣ ክንድ ከዳሌ አጠገብ ወርዶ፣ በእጅ አንጓ ብቻ ኳሱን ማስፈንጠር። ቀጥሎ ሰውነት ወደ ጎን ዞሮ፣ ኳስ የያዘው ክንድ ወደ ላይ፣ የጓንቱ ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ከዚያ ቦታ ወደ ታች መወርወር፤ ርቀቱ 20 ጫማ። ሦስተኛ፣ እግር ሳይነሳ ሙሉ ክብ። በመጨረሻ እርምጃው ተጨምሮ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 40 ጫማ። የአንዱ ደረጃ ውርወራ ሳይስተካከል ወደሚቀጥለው መሄድ ያሳጥራል የሚመስል፣ ግን የሚያስረዝም መንገድ ነው።

ኳሱ የሄደበት ቦታ ስህተቱን ይነግራችኋል። ወደ ላይ ከወጣ ዘግይታ ለቃዋለች፤ መሬት ከመታ ቀድማ ለቃዋለች። ወደ ግራና ቀኝ ከሄደ እግሯን እዩ፦ ከቆመችበት ሰሌዳ እስከ ሆም ድረስ በኖራ መስመር አስምሩና የፊት እግሯ የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። መስመሩን ተሻግራ ከረገጠች ዳሌዋ የክንዷን መንገድ ይዘጋል፣ ኳሱም ይጣመማል። ይህን በንግግር ለማስረዳት አትድከሙ፤ መስመሩ ራሱ ያስተምራታል።

ትልቁ ጣጣ "ስትራይክ ጣይ!" የሚለው የወላጅ ጩኸት ነው። ልጅቷ ለማነጣጠር ስትል ክንዷን ከታች በኩል ታዘገየዋለች፤ ያዘገየች ዕለት ፍጥነቱም ዒላማውም ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ፍጥነት ብቻ ጠይቋት፤ ክንዱ ሳይቆም መዞር ሲለምድ ዒላማው ይከተላል። ከዚያ መቁጠር ጀምሩ፦ ከ20 ውርወራ 10 ስትራይክ ካላት ጨዋታ ላይ ማስገባት ይቻላል፣ 12 ካላት መተማመን ይቻላል። ከዚያ በታች ያለችውን ጨዋታ ላይ ማስገባት ሌሎቹን ስምንት ልጆች ቆመው ዎክ (ስትራይክ ያልሆነ ውርወራ በዝቶ መቺዋ በነጻ አንደኛ ቤዝ የምትሄድበት) እንዲቆጥሩ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ ውርወራ ካስፈለገ ቼንጅአፕ (ቀስ ብሎ የሚመጣ ውርወራ) ብቻ፦ ኳሱን ወደ መዳፍ ጠልቆ መያዝ፣ የክንዱን ፍጥነት ግን አለመቀነስ። በዚህ ዕድሜ ኩርባ ውርወራ የሚያስተምር ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው።

ክንድን ከታች በኩል እያዞሩ መወርወር ክንድ አይጎዳም የሚባለው ሐሰት ነው። ትከሻዋን አመመኝ ያለች ልጅ በዚያው ቀን ታቁም። ቤት ውስጥ የሚያለማምዳት ወላጅም ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥ፣ የካቸር ማስክ ያጥልቅ። ማስክ አያስፈልገኝም የሚል አባት የትም አይጠፋም።

4. ሁለት ካቸር

በአንድ ቅዳሜና እሁድ አራት አምስት ጨዋታ ይኖራል፤ በሙቀት ያን ሁሉ ትጥቅ ለብሳ አንዲት ልጅ አትዘልቀውም። ሯጮች ኳሱ ከፒቸሯ እጅ እንደወጣ ከቤዝ መነሳት ይችላሉ። ሯጭ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ካለች፣ ካቸሯን ያመለጠ ኳስ ነጥብ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ከመቅለብ በፊት ማገድን ተለማመዱ። ሁለት ጉልበት መሬት ላይ፣ ጓንት በእግሮች መካከል፣ አገጭ ወደ ደረት፣ ትከሻ ወደ ፊት። ለመልመጃ ግን መጀመሪያ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በደረቷ ብቻ ታቁም። በቴኒስ ኳስ ጀምሩ፣ በየልምምዱ 15 ኳስ። ፍርሃቱ ሲለቃት ወደ እውነተኛው ኳስ ሂዱ።

ከሆም እስከ ሁለተኛ ቤዝ 84 ጫማ ከ10 ኢንች ነው፤ ክንዷ ካልደረሰ ኳሱ አንዴ ነጥሮ ይድረስ። ጨርሶ ካልሆነ ሁለተኛ ቤዝን ይስረቁ (ኳስ ሳይመታ ሮጠው ይያዙት)፣ እናንተ ሦስተኛውን ጠብቁ። በዚህ ምድብ ሦስተኛው ስትራይክ ካልተቀለበ፣ አንደኛ ቤዝ ባዶ ከሆነ ወይም ከመቺው ቡድን ሁለት ሰው ከወጣ (አውት ከሆነ)፣ መቺዋ መሮጥ ትችላለች፤ ካቸሯ ይህን ካላወቀች ቆማ ታያታለች።

5. የቀሩት ቦታዎች

ከሁሉ በደንብ የምትቀልበው ልጅ አንደኛ ቤዝ ትቁም። ደካማዋን እዚያ መደበቅ የሌሎቹን ጥሩ ውርወራ ሁሉ ማባከን ነው። ፈጣኗ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል) ትቁም። ቀኝ ሜዳም የደካማ መጠጊያ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ዘግይተው የሚመቱ ቀኝ እጆች ኳሱን ወደዚያው ይልኩታል።

መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ በዱላ እየመታችሁ አታሠልጥኑ። ግማሹ ከልጆቹ ያልፋል፣ ጊዜው ኳስ በመልቀም ያልቃል። ለሁለት ለሁለት ሆነው በእጅ ያንከባልሉ፤ በ10 ደቂቃ እያንዳንዷ 50 ኳስ ታገኛለች። ከዚያ አንድ ሕግ ብቻ፦ እርግጠኛ የሆናችሁበትን አንድ ሰው አስወጡ፤ ሁለት ለማስወጣት አትቸኩሉ።

ዕቃን በተመለከተ፣ የሦስትና የአራት መቶ ዶላር ዱላ አያስፈልግም። መምቻ ቲ (ኳስ የሚቀመጥበት ዘንግ)፣ መረብ፣ ሁለት ባልዲ ኳስ፣ የሩጫ ሰዓት፣ ለፒቸርና ለኢንፊልድ (በቤዞቹ ዙሪያ ለሚቆሙ) ተጫዋቾች የፊት መከላከያ ይበቃል። የውርወራ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት ቢቀር ይሻላል፤ ልጆቹ ማሽኑን መምታት ይለምዳሉ፣ ፒቸር ፊት ሲቆሙ ግን ጊዜው ይዛባባቸዋል።

6. ውድድር መምረጥ

በበልግ (በአሜሪካ ፎል) ወቅት ውድድር አትግቡ፤ በአቅራቢያ ካሉ ሁለት ቡድኖች ጋር ወዳጅነት ጨዋታ ይበቃል። በጸደይ (በአሜሪካ ስፕሪንግ) ስትመዘገቡ በሲ ደረጃ (ከቢ ዝቅ ባለው)፣ ቢያንስ ሦስት ጨዋታ የሚያረጋግጥ፣ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ያለ ይሁን። ከመክፈላችሁ በፊት የተመዘገቡትን ቡድኖች ስም ተመልከቱ። የቢ ደረጃ ቡድኖች ዋንጫ ፍለጋ ወደ ሲ ወርደው ከገቡ እናንተ ሌላ ሳምንት ፈልጉ።

እንግዳ ተጫዋች መዋስ የሚፈቀድበት ውድድር አለ፤ ሕጉን አስቀድማችሁ አንብቡ። የምታስመጧት ለሜዳ ቢሆን ግድ የለም። ፒቸር ግን አትዋሱ፤ ክረምቱን ሙሉ ከባልዲ ፊት የደከሙት ሁለቱ ልጆች ያንን ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ያስፈልጋቸዋል፣ ዎክ ቢበዛም።