«መብራቱን ክፈተው»፦ ቻይናውያን በ«ኦፕን» ላይ የሚሳሳቷቸው ነገሮች

አንድ የቻይና ኮንትራክተር ሳይት ላይ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት አራት ቻይናውያን ባልደረቦቼ እንግሊዝኛ እንዳስተምራቸው ይይዙኝ ነበር። አስተማሪ ሆኜ አላውቅም። ግን ሻዩን እነሱ ይከፍላሉ፤ ምን ቸገረኝ ብዬ ገባሁበት።

ያስቸገረን ከባድ ቃል እንዳይመስላችሁ። «ኦፕን» ነው። ሕፃን የሚያውቀው ቃል።

የችግሩ ምንጭ «ካይ» የሚባል የቻይንኛ ግስ ነው። መዝገበ ቃላቱ «ካይ» ማለት «ኦፕን» ነው ይላል። አልዋሸም፤ ግን የነገረን ግማሹን ነው። በድሮው አጻጻፍ ቃሉ የበር ሥዕል አለው። በበሩ ውስጥ አንድ መቀርቀሪያና መቀርቀሪያውን የሚያነሱ ሁለት እጆች አሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፊደሏን ስታቀል በሩ ተነቀለ፤ መቀርቀሪያውና እጆቹ ብቻ ቀሩ። ታይዋንና ሆንግ ኮንግ በሩን እስከ ዛሬ አልነቀሉትም። ትርጉሙም ከበር ርቆ ከሄደ ቆይቷል። በቻይንኛ መብራት ይከፈታል፣ መኪና ይከፈታል፣ ስብሰባ ይከፈታል፣ ቀልድም ይከፈታል። «ኦፕን» ግን ከበሩ ብዙም አልራቀም። ስህተቶቹ ሁሉ የሚወለዱት እዚህ ላይ ነው።

«ኦፕን ዘ ላይት»

በየቀኑ የምሰማው ይህን ነበር። ቻይንኛው «ካይ ደንግ» ነው፤ መብራት ክፈት። ለማጥፋት «ጓን ደንግ» ይባላል፤ መብራት ዝጋ። ስለዚህ «ክሎዝ ዘ ላይት» ወዲያው ይከተላል። እንግሊዝኛው «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» ይላል። «ተርን» ማዞር ነው። ውሃም ጋዝም በሚዞር ቁልፍ የሚለቀቅበትን ዘመን አስቡ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1807 ፓል ማል የተባለውን ጎዳና በጋዝ መብራት ስታበራ ጋዙ የሚመጣው በቧንቧ ነበር። ዛሬ ማብሪያውን በጣት እንጫናለን፤ ቃሉ ግን አሁንም ይዞራል። ይህን በእጄ እያዞርኩ ካሳየኋቸው በኋላ ቶሎ ያዙት።

ደግሞ በእነሱ አትሳቁ። «ቴሌቪዥኑን ክፈተው» የማይል ማን አለ? ሙዚቃ እንከፍታለን፣ ሬዲዮ እንከፍታለን፣ ስልክ እንከፍታለን። ለመብራት «አብራ» የሚል ቃል ስላለን ብቻ ነው የተረፍነው። አንዱ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ሲል ላርመው አፌን ከፈትኩና እኔም ስንት ዘመን እንዲሁ ስል እንደኖርኩ ትዝ አለኝ።

ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ይጠንቀቁ። ፋይል ይከፈታል፣ የላፕቶፕ ክዳንም ይከፈታል፤ እዚያ ላይ «ኦፕን» ልክ ነው። «ኮምፒውተሬን ኦፕን አደረግሁት» ካሉ ግን ሰሚው ካቻቢቴ ይዘው የፈታቱት ሊመስለው ይችላል።

«ኦፕን ዘ ብሬከር»

ሌላው ስህተት ያስቃል። ይሄኛው ሰው ይገድላል።

በቻይንኛ ማብሪያ ማጥፊያ «ካይጓን» ይባላል፤ «ክፈት-ዝጋ» እንደ ማለት ነው። ብሬከሩ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚያቋርጠውና የሚያገናኘው ማብሪያ ማጥፊያ፣ «ካይ» ከሚለው ጎን ከሆነ በርቷል። በኤሌክትሪክ ሙያ እንግሊዝኛ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። «ኦፕን» የተባለ መስመር የተቋረጠ መስመር ነው፤ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም። «ክሎዝድ» ሲባል ነው የሚያልፈው። ወደ ላይ የሚነሣ ድልድይ አስቡ፤ ሲከፈት መኪና ይቆማል፣ ሲዘጋ ያልፋል። የውሃ ቫልቭ ደግሞ ሲከፈት ይፈሳል። አንድ ሳይት ላይ ቧንቧ ሠራተኛውና ኤሌክትሪሻኑ በአንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገር ይላሉ ማለት ነው።

አንድ ቀን የእኛ ሰው ኤሌክትሪሻን የተበላሸ ፓምፕ ሊፈታ ሆነ። ቻይናዊውን ረዳት «ኦፕን ዘ ብሬከር» አለው። ቁረጠው ማለቱ ነው፤ እንደ ሙያው ከሆነ ምንም አልተሳሳተም። ልጁ ሄዶ ሲያይ ብሬከሩ ወርዷል። ለካ ሌላ ሰው ቀድሞ አጥፍቶታል። እሱ ደግሞ «ኦፕን» ሲባል የገባው «ካይ» ነው። አነሣው። ኤሌክትሪሻኑን ያተረፈው ሽቦ ሳይነካ በፊት በቴስተር የማየት ልማዱ ነው። ቴስተሩ ሲበራ ፊቱ ምን እንደመሰለ እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤሌክትሪክ ባለበት «ኦፕን» እና «ክሎዝ» የሚባሉ ቃላትን ከለከልን። «ስዊች ኦን» እና «ስዊች ኦፍ» ብቻ። የተባለውንም ሰውየው ደግሞ እንዲናገረው እናደርጋለን። ከቻይናውያን ጋር የምትሠሩ ካላችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ግድ የለኝም፤ ይህን ግን ያዙልኝ።

«አይ ኦፕን ማይ ካር ቱ ወርክ»

«ካይ ቸ» መኪና መንዳት ነው። እንግሊዝኛው «ድራይቭ» ይላል፤ ሌላ ሐተታ የለውም። «ኦፕን ዘ ካር» ካሉ በሩን ብቻ ነው የከፈቱት።

«ዘ ቦስ ኢዝ ኦፕኒንግ ኤ ሚቲንግ»

«ካይ ኽዌይ» ስብሰባ ላይ መሆን ነው። በእንግሊዝኛ «ሀቭ ኤ ሚቲንግ» ወይም «ኢን ኤ ሚቲንግ» ይባላል። «ኦፕን ዘ ሚቲንግ» የሚባል እንግሊዝኛም አለ፤ ግን እንደ እኛው «ሰብሳቢው ስብሰባውን ከፈተ» ነው፤ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ ነው የሚናገረው። ይህን ባለማወቄ አለቃችን ስብሰባ «እየከፈተ ነው» ሲሉኝ አሁን ይወጣል ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ።

«ኦፕን ወተር»

ቻይናውያን የሞቀ ውሃ ይወዳሉ። የፈላውን ውሃ «ካይ ሽዌይ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «የተከፈተ ውሃ»። በቻይና የፈላ ውሃ መቅጃ ክፍል በር ላይ «ኦፕን ወተር ሩም» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ አለ። እንግሊዝኛ አዋቂ ሲያነበው የሚታየው ሰፊ ባሕር ነው። «ሆት ወተር» ወይም «ቦይልድ ወተር» ማለት ይበቃል።

«ዘ ሾፕ ኢዝ ኦፕንድ»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የተማሪው አይመስለኝም። የቻይንኛ ግስ እንደ እንግሊዝኛው በጊዜ ቅርጹን አይለውጥም። ተማሪው «ድ» መጨመርን በመከራ ተማረ። ከዚያ ሱቁ ተዘግቷል ለማለት «ኢዝ ክሎዝድ» ሲባል ሰማ፣ በ«ድ»። ታዲያ ክፍት ነው ሲል «ኢዝ ኦፕንድ» ቢል ምን ይፈረድበታል? እንግሊዝኛ ግን «ኢዝ ኦፕን» ነው የሚለው፤ «ድ» የለውም። «ኦፕን» ራሱ ቅጽል ነው፣ እንደ እኛው «ክፍት»። «ዋዝ ኦፕንድ» የሚመጣው አንድ ሰው ከፈተው ለማለት ነው፤ ዘበኛው በሩን ሲከፍተው ለምሳሌ። «ክፍት ነው» እና «ተከፈተ» ለሚለይ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ቀላል ነው። በተቃራኒው «ድ»ን ከ«ክሎዝድ» ላይ ካነሡት ደግሞ ሱቁ «ቅርብ ነው» እንዳሉ ተደርጎ ሊሰማ ይችላል።

ቀልድን በተመለከተ፣ «ካይ ዋንሽያው» ቃል በቃል «ቀልድ መክፈት» ነው። በእንግሊዝኛ ቀልድ አይከፈትም፤ «አይ አም ጆኪንግ» ይበቃል።

በሦስተኛው ወር ገደማ «ኦፕን ዘ ላይት» የሚል ጠፋ። ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ከሁሉም ጎበዝ የሚባለው ተማሪዬ ሁለት እጁ ሙሉ ዕቃ ይዞ ከመጋዘኑ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ሲያየኝ ፈገግ አለና በኩራት ጮኾ፦ «ፕሊዝ፣ ተርን ኦን ዘ ዶር!»