የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ፦ ነጩ ሳይጠፋ ፊትን ማፍካት

በቀትር ፀሐይ የተነሳ ፎቶ ነው፤ ቀሚሱና ነጠላው ቦግ ብለዋል፣ ፊት ግን ጠቁሮ ዓይን አይለይም። በጂምፕ 2.10 (ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ብራይትነስ ስጨምር ፊቱ ፈካ፣ የነጠላው ሽመና ግን ጠፍቶ ባዶ ወረቀት መሰለ። ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክለው አውቶ ዋይት ባላንስም አልረዳም፤ ነጩ አስቀድሞ የብርሃን መጨረሻ ወደሆነው 255 አካባቢ ስለደረሰ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም።

የሠራው ይህ ነው። ሌየሩን (ፎቶው ያለበትን ንጣፍ) አባዛሁ፤ በላይኛው ላይ አድ ሌየር ማስክ (ለውጡ የት እንደሚታይ የሚወስን ሽፋን መጨመሪያ) ከፍቼ ግሬይስኬል ኮፒ ኦፍ ሌየርን መረጥሁ፣ ኢንቨርት ማስክ ላይም ምልክት አደረግሁ። ማስኩ በነጩ ቦታ ላይ ጥቁር ስለሚሆን፣ ጥቁሩም ለውጡን ስለሚደብቅ፣ ለውጡ ቀሚሱን እምብዛም አይነካውም። ቀጥሎ ማስኩን በጋውሲያን ብለር 30 ፒክስል አደበዘዝሁት። ይህ ከተዘለለ ፊቱ ዝርግ ይሆናል፤ ከበዛ ደግሞ በነጠላው ጠርዝ ዙሪያ ጭጋግ ይታያል። 30 የሚበቃው 4000 ፒክስል ገደማ ስፋት ላለው ፎቶ ነው፣ ለትንሽ ፎቶ ይቀነስ።

ከርቭስን (ብርሃንን በመስመር የሚያስተካክለውን መሣሪያ) ከመክፈት በፊት በሌየሮቹ ዝርዝር ውስጥ ከማስኩ ትንሽ ምስል ወጥቶ የሌየሩን ትንሽ ምስል መጫን ግድ ነው። አለበለዚያ የሚለወጠው ማስኩ ነው፤ ዘዴው ያልሠራ የሚመስለውም እዚህ ጋ ነው። ከዚያ የመስመሩን መሃል ከ128 ወደ 170 ገደማ ከፍ ማድረግ። ቆዳው አመድማ ከመሰለ በመስመሩ ጨለማ በኩል 30 አካባቢ ሌላ ነጥብ ተክሎ ወደ ቀድሞ ቦታው መጎተት ነው።