«ኪንታሮት ነው» ተብሎ ለከረመ ካንሰር አቤቱታ እንዴት ይጻፋል

አክስቴን አንድ የመሀል ከተማ ክሊኒክ «ኪንታሮት ነው» እያለ ስምንት ወር ቅባት ሲሰጣት ከረመ። ሌላ ቦታ ሄዳ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ስትነሣ የአንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ።

ወረቀት በመሰብሰብ ጀምሩ። የካርዱን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ታማሚዋ ራሷ ትፈርም። መንቀሳቀስ ካቃታት ውክልና አስፈልጓችኋል ማለት ነው። የላብራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ደረሰኝ፣ ሪፈር፣ ምንም አትጣሉ። የፓቶሎጂውን (ከአንጀቷ የተወሰደው ናሙና ምርመራ ውጤት) ኦሪጅናል ግን ለማንም እንዳትሰጡ። ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ቦታ ሕክምናው ሲቀጥል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ማንሳትም አይበቃም፤ ጥላው ቁጥሩን ይበላዋል። ፎቶኮፒ ቤት ግቡ።

ከዚያ የቀን ቅደም ተከተሉን አውጡ። ልፋቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ ታማሚዋ የተናገረችው፣ የታዘዘላት። በመጀመሪያው ቀን ካንሰር አለመባሉ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ኪንታሮትም ይደማል። ጥያቄው ደሙ ሳይቆም ስትመለስ ምን አደረጉ የሚለው ነው። ፊንጢጣዋን በጣት መርምረዋታል? ክብደቷ መቀነሱ ካርዱ ላይ ሰፍሯል? ደም ማነስ ሲገኝባት ደሙ ከየት እየፈሰሰ እንደሆነ የጠየቀ አለ? ወይስ የደም ማነስ ኪኒን ሰጥተው ሸኟት? ሪፈር የተባለችውስ መቼ ነው?

እኔን የጣለኝ የዘመን አቆጣጠር ነው። ካርዱ በእኛ፣ የላብራቶሪው ወረቀት በፈረንጅ ይጻፋል። አንዱ የደም ውጤት ላይ 05/06 ብቻ ነበር፤ ዓመት የለውም። የካቲት 5 ነው ብዬ «ደም ማነሷን ከየካቲት ጀምሮ እያወቁ ዝም አሉ» ስል ጻፍኩ። ለካ ጁን 5 ኖሯል፤ ግንቦት 28 ማለት ነው። ክሊኒኩ መዝገቡን አወጣና አሳየ። ከዚያ በኋላ እውነት የሆነውንም የሚያምነኝ ጠፋ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። ያልተረጋገጠውን ደግሞ ደረሰኙ ላይ ካለው ቀን ጋር አስተያዩ።

ጠበል የሄደችበትም ጊዜ ይግባ። አክስቴ ሦስት ሳምንት ሽንቁሩ ሚካኤል ነበረች። ይህን ብትደብቁት ክሊኒኩ ራሱ ያነሳዋል፤ ያን ጊዜ ሙሉው መዘግየት የእናንተ ይሆናል።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይሻላል፤ የቀኑ ሠንጠረዥ አባሪ ይሁን። ራፖር ጸሐፊ ጋር መሄድ አልመክርም። የእኔው በአንጀት ካንሰር አቤቱታ ላይ «አንጀቴ እያረረ» ብሎ ጽፎልኛል። የአስተያየት ሳጥኑንም እርሱት።

አስቀድማችሁ ለክሊኒኩ ኃላፊ ስጡ። መልስ ካጣችሁ ወይም ካላረካችሁ የከተማውን ጤና ተቋማት ወደሚቆጣጠረው የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ውሰዱት። በሁለቱም ቦታ የእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይኖር ከመዝገብ ቤቱ አትውጡ። «ግድ የለም፣ ደርሶናል» የሚል ቃል ነገ ማስረጃ አይሆንም።

ጉዳዩ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ዘንድ ቢደርስ እዚያ የሚታየው የባለሙያው ጥፋት ነው። የካሳ ጥያቄ የፍርድ ቤት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። የባለሥልጣኑን መልስ እየጠበቃችሁ ይህ ጊዜ እንዳያልፍ ጠበቃ በጊዜ አማክሩ። ስትሄዱ የቀኑን ሠንጠረዥ ያዙ፤ የእኛ ጠበቃ ገና ሳንቀመጥ የጠየቀን እሱን ነበር።