ቆዳው ሲላጥ ሳንባው እንዳይረሳ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባክትሪም፣ ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን፣ ኔቪራፒን ወይም አሎፑሪኖል የተባሉ መድኃኒቶችን ከጀመሩ ሰዎች ጥቂቶቹ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቆዳው ውሃ እየቋጠረ መላጥ ይጀምራል። የተላጠው ከሰውነት ቆዳ 10 ከመቶ ካልሞላ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም፣ ከ30 ከመቶ ካለፈ ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ ይባላል። ቆዳውን የሚልጠው ሕመም የአየር ቧንቧን የውስጥ ሽፋንም ሊልጥ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይሄ ነው።

ክኒኑን ሳያቆሙ «ምች ነው» ማለት። ሽፍታው ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሳልና የዓይን መቅላት ይመጣል። ከንፈሩ ሲቆስል ዳማከሴ ይታሻል፣ ክኒኑ ግን ይቀጥላል። አዲስ መድኃኒት የጀመረ ሰው አፉም ዓይኑም አብረው ከቆሰሉ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄዶ ክኒኑ መቆም አለበት። የሚጥል በሽታ ታካሚ ከሆነ ሐኪሙ ምትክ ያዝለታል፤ ሆኖም ፌኖባርቢታልን በፌኒቶይን ወይም በካርባማዜፒን መተካት አደገኛ ነው፤ በኬሚካል ይዘታቸው ዘመዳሞች ናቸው።

የሳንባውን ጉዳት በቆዳው ስፋት መገመት። ሁለቱ እኩል አይሄዱም፤ ቆዳው ብዙም ሳይላጥ ቧንቧው ሊጎዳ ይችላል። ራጁም ያታልላል፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንጹሕ ሆኖ ሳለ ታካሚው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አክታው ይበዛል፣ አንዳንዴም የተላጠ ሽፋን ያስላል። ስለዚህ የትንፋሽ ቁጥርና የኦክስጅን መጠን ከራጁ ይበልጥ ይታመናሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ኦክሲሜትር (ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ) በጤነኛ ሰው ላይ የሚያሳየው ቁጥርም ከቆላው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከአንድ ቁጥር ይልቅ በየሰዓቱ መውረዱን ማየት ይሻላል። መተንፈስ እየከበደው ከሄደ ብሮንኮስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ ማስገባት) ጉዳቱን በዓይን ያሳያል፤ መሣሪያ በሌለበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ቶሎ መላክ ነው።

ፈሳሽ እንደ እሳት ቃጠሎ መስጠት። ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው፣ ለመርዳት ተብሎ ስለሚሠራ ነው። በቃጠሎ ቀመር 60 ኪሎ የሚመዝንና 40 ከመቶ የተላጠ ሰው በ24 ሰዓት 4 × 60 × 40 = 9,600 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። በዚህ ሕመም ግን ከቆዳው የሚወጣው ፈሳሽ ያን ያህል ስላልሆነ በ4 ፈንታ በ2 ማባዛት፣ ማለትም 4,800 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ለመነሻ ይበቃል። የተረፈው ሳንባ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። መመሪያው ሽንት ነው፦ በሰዓት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ ለዚህ ሰው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር።

ፕላስተር መለጠፍ። የኦክስጅን ቱቦም ሆነ የምግብ ቱቦ በፕላስተር ሲያዝ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። በለስላሳ ጨርቅ ማሰር ይሻላል።

አፉ ለቆሰለ ሰው በግድ ሾርባ ማጠጣትም እንደዚሁ ስህተት ነው፤ ወደ ሳንባ ይገባል። አልጋውን ከራስጌ ከፍ አድርጎ፣ አፉን በየጊዜው እያጠቡ፣ መዋጥ ካቃተው በቀጭን ቱቦ መመገብ። «ለጥንቃቄ» ብሎ አንቲባዮቲክ መጀመርም አይመከርም፤ የሚተርፈው መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ነው። የኢንፌክሽን ምልክት ሲታይ ናሙና ወስዶ ወዲያው መጀመር ግን ግዴታ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው «አስም» ተብሎ ይታለፋል። ትንንሾቹ ቧንቧዎች ጠባሳ ይዘው ጠበው ሊሆን ይችላል፤ ብሮንኪዮላይቲስ ኦብሊተራንስ ይባላል። ስፓይሮሜትሪ (የትንፋሽ አቅም መለኪያ ምርመራ) ያስፈልጋል፤ ቧንቧ የሚከፍተው ሳልቡታሞል ከተሰጠ በኋላም ውጤቱ ካልተሻሻለ፣ ሲቲ ስካኑ ትንፋሽ ተስቦ ብቻ ሳይሆን ትንፋሽ ወጥቶም ይነሳ። ውስጥ የታፈነው አየር የሚለየው ያኔ ነው።